ሪሞት የያዘው አባት

በበዓል ሰሞን ለሕፃናት የሚከራዩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሠራራቸው ቀላል ነው። ከኋላ ጎማቸው ጋር አንድ ወይም ሁለት ሞተር፣ ከወንበሩ ሥር 6 ወይም 12 ቮልት ባትሪ፣ ከፊት መሪ፣ ከእግር ሥር ደግሞ አንድ መርገጫ አላቸው። ልጁ ሲረግጥ ይሄዳሉ፣ እግሩን ሲያነሣ ይቆማሉ። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አዋቂ ሰው ከጎናቸው ሳይቸኩል መራመድ ይችላል። ሌሊቱን ቻርጅ ተደርገው አንድ ሰዓት ገደማ ይሠራሉ። ብዙዎቹ ከዚህ ሌላ ሪሞት አላቸው። ሪሞቱን የሚይዘው ወላጅ ነው፤ ትእዛዙም ከልጁ መሪ ይበልጣል። ልጁ ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ወላጁ ወደ ቀኝ ከተጫነ፣ መኪናው የሚሄደው ወደ ቀኝ ነው። ባንድ መኪና ላይ ሁለት ፈቃድ ተቀምጧል፤ የትኛው እንደሚያሸንፍም ፋብሪካው አስቀድሞ ወስኗል።

ባንድ ባዛር ያየሁት ልጅ አራት ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ቀይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። አባቱ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለዋል፤ አንድ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ ፊኛ ሻጩ ወዳለበት ጠመዘዘ። መኪናው ወደ ሌላ ዞረ። እንደገና ጠመዘዘ፤ መኪናው አሁንም በራሱ መንገድ ሄደ። ልጁ አጎንብሶ መሪውን አየው። ከዚያ ያደረገው ነገር ነው እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋው። ፊኛውን ትቶ፣ ሆን ብሎ መሪውን በተቃራኒው አዞረ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ይኼኔ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ለተሰበሰበው ሰው ያውለበልብ ጀመር። ሰዉም «ጎበዝ ሾፌር!» እያለ አጨበጨበለት። ምንም ነገር አልገጨማ።

ያ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መርምሯል። ገመተ፣ ሞከረ፣ ግምቱን በተቃራኒው ፈተነ፣ ከዚያም ደመደመ፤ እጄና መንገዱ አይገናኙም ብሎ። እኔን የሚያሳዝነኝ መደምደሚያው ትክክል መሆኑ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ነገ ይታረም ነበር። እውነቱን አውቆ ግን መሪውን ለቀቀ፤ መሪ መልቀቁንም ሕዝብ በጭብጨባ አጸደቀለት።

አባትየውን አልወቅስም። ባዛር ሰው የሚተራመስበት ቦታ ነው፤ የቡና ከሰል የተያያዘበት ምድጃ አለ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ሸክላ አለ፣ ከእናቱ እጅ አምልጦ የሚሮጥ ሌላ ሕፃን አለ። ደግሞም ከእኛ አባቶች ስንቱ ነው መሪ ጨብጦ የሚያውቀው? በጎጃም የፍኖተ ሰላምን ወይም የቡሬን ከተማ ሰው ብንጠይቅ፣ ዕድሜውን በጋሪና በባጃጅ፣ ራቅ ሲል በአውቶቡስ የተጓዘው ይበዛል። ያ አባት ከልጁ እኩል ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና እየነዳ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ እሱ የነዳው ባውራ ጣቱ፣ ኪሱ ውስጥ መሆኑ ነው። መኪና ሲያዩት ንጉሥንም ሕፃን ያደርጋል። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ መኪናውን አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ተሳፍረውበታል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ሪሞት ባለበት ልጁ ነዳ ይባላል ወይ ነው። የዘመናችን ፍልስፍና ሳያውቀው ይህንኑ መኪና ሲመረምር ቆይቷል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነገር አሰበ። አንድ ሰው አንድ ሥራ ሊሠራ ወስኗል። ሌላ ሰው ደግሞ ሳይታወቅ ይጠብቀዋል፤ ያኛው ሐሳቡን ሊለውጥ ሲል ጣልቃ ገብቶ ያንኑ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርግበት ኃይል አለው። ሰውየው ግን ሐሳቡን አልለወጠም፤ በገዛ ፈቃዱ ሠራው። አድፋጩም እጁን ማንሣት አላስፈለገውም። ፍራንክፈርት፣ ሰውየው ሌላ ነገር የማድረግ ዕድል ባይኖረውም የሥራው ባለቤት እሱ ነው፣ የሚጠየቅበትም እሱ ነው ይላል። አድፋጩ መኖሩ ብቻ ሥራውን አይነጥቀውም።

በዚህ ሚዛን ሪሞቱን ይዞ ያልተጫነ አባት ከልጁ ምንም አልወሰደም። እኔም እስከዚህ ድረስ እቀበላለሁ። የአዋቂ ጥበቃ የሌለበት ልጅነት የለም፤ ጉድጓድ ፊት ሲደርስ የሚይዘው እጅ መኖሩ ልጁን ነጻነት አያሳጣውም። ነገር ግን የፍራንክፈርት ሰው ፈቃዱ አስቀድሞ የተሠራ፣ ያደገ ሰው ነው። የአራት ዓመት ልጅ ፈቃድ ገና እየተሠራ ያለ ነገር ነው፤ የሚሠራውም ዓለም ለእጁ በምትሰጠው መልስ ነው። ጠመዘዝኩ፣ ዞረ፤ አብዝቼ ጠመዘዝኩ፣ ሣሩ ላይ ወጣ፤ ሣሩ ላይ ሲወጣ ጎማው ከበደው። ሕፃን «እኔ» ማለትን የሚማረው ከእነዚህ መልሶች ነው። ስለዚህ ለአዋቂው ሰው ዋናው ጥያቄ ተጠባባቂው እጁን አነሣ አላነሣ ሊሆን ይችላል፤ ለልጁ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ እጅ ሲነሣ ልጁ ያያል ወይ? የመታረሙ ነገር አይደለም የሚያስጨንቀኝ፤ የታረመው መታረሙን በማያውቅበት መንገድ መሆኑ ነው።

ይህን ያሰብኩት በጎጃም ልጅ ሲያድግ የሚታረምባቸውን መንገዶች ስቆጥር ነው። አባት ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ እርፍ ሲያስይዝ፣ ከኋላው ቆሞ የልጁን እጅ ከነእርፉ ይጨብጣል። በሬዎቹ ሲሄዱ ሁለት እጅ ባንድ እርፍ ላይ ነው። ልጁ ወደ ውጭ ሲገፋ የአባቱ መዳፍ ሲመልሰው በቆዳው ይሰማዋል፤ ምን ያህል እንደተሳሳተ የሚነግረው የመዳፉ ክብደት ነው። ትንሽ ቆይቶ አባት ሁለት ጣቱን ብቻ ያስቀራል። ከዚያ እጁን አንሥቶ ከጎን ይሄዳል። ትልሙ ተጣሞ ከሆነ ተጣሞ ማሳው ላይ ይቀራል፤ ማታ ጎረቤት ሲያልፍ ያየዋል፣ ልጁም ያየዋል። የማን እጅ እንዳጣመመው ለማንም አይሠወርም።

ከቡሬ አልፎ ኢንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ያስባል፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ቤተሰብ ነቅሎ የሚወጣበት የገጠር ትርኢት የሚባል ነገር ካለን እሱ ነው። ልጅ በአባቱ ፊት ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ልጓም ሲይዝ፣ እዚህም ሁለት እጅ ባንድ ልጓም ላይ ነው። ግን ሦስተኛ ፈቃድ ተጨምሯል፤ የፈረሱ። ፈረስ ገደሉን ራሱ ያያል። ልጁ ወደ ጉድጓድ ቢመራው አይገባም፤ ጆሮውን ይቀስራል፣ ይቆማል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ጌታዋ ደክሞት ላይዋ ላይ ሲያንቀላፋ ደጁ ድረስ የምታመጣው በቅሎ ነገር በየመንደሩ ይወራል። በፈረስና በበቅሎ ዘመን የነዳ ሰው ብቻውን ነድቶ አያውቅም፤ ከሥሩ ሁለት ዓይን ነበረው። መኪና ሲመጣ እነዚያ ዓይኖች ጠፉ። የሕፃኑ መኪና ላይ ሪሞት የመጣው ያንን ክፍት ቦታ ሊሞላ ነው፤ አባት የፈረሱን ዓይን ተክቷል። ልዩነቱ ፈረስ እምቢ ሲል በግልጽ እምቢ ማለቱ ነው። ልጁ የፈረሱን እምቢታ በጭኑ ይሰማዋል፤ ከእምቢታውም ፈረስን ያውቃል፣ ጉድጓድንም ያውቃል። የሪሞቱ እምቢታ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር ነው። መኪናው ያበደ ይመስለዋል፣ ወይም ራሱ ከንቱ የሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤ የሚሄደው ወደ ቅኔ ቤት ነው። በጎጃም ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉት የቅኔ ቤቶች ልጅን የማመን ጥበባቸው ከማናቸውም የዘመናችን የአስተዳደግ መጽሐፍ ያላነሰ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ሲሄድ ብቻውን ይሄዳል። በቤተ ክርስቲያኑ ደን አንዱ ዛፍ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ይቀመጣል፤ የኔታ አይከተሉትም። ቃሉን ያነሣል፣ ይጥላል፣ ቤቱ አልመታ ሲለው ይቃጠላል። ማታ ግን ቆሞ ለየኔታ ይነግራል። የኔታም ባልንጀሮቹ እየሰሙ ያርሙታል፤ ይኼ ቃል አይገባም፣ ይኼኛው ምሥጢሩ ቀጭን ነው ይሉታል። ብቸኝነቱ እውነተኛ ብቸኝነት ነው፣ እርማቱም እውነተኛ እርማት ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ አይደበቅም። የሚጀምረውም በትንሹ የቅኔ ዓይነት ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ መወድስ ግን ስምንት። ጉባኤ ቃና የመወድስ መጫወቻ አይደለም። ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፣ ከተሰበረ ይሰበራል፣ ከተዋጣለትም ሊቃውንት ፊት ይባላል። ልጅ የሚገባው ትንሽ ነገር እንዲህ ያለ ነው፤ መጠኑ ያነሰ፣ እውነቱ ያላነሰ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ ዳር የሚሮጡት የሽቦ መኪኖች ሌላ ክብር ያገኛሉ። አካላቸው ከሽቦ ወይም ከተጣለ የዘይት ጀሪካን ነው። ጎማቸው ቆርኪ ነው፣ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ላይ በክብ የተቆረጠ። ከፊተኛው ጎማ ዘንግ ረጅም ሽቦ ተነሥቶ ልጁ ደረት ድረስ ይመጣና ጫፉ ክብ ሆኖ ይጠመዘዛል፤ መሪው እሱ ነው። ሞተሩ የልጁ ከንፈር ነው። አይሱዙም ሲኖትራክም ድምፃቸው ይለያል፤ ማርሽ ሲቀየር ድምፁ ይሰበራል፣ ዳገት ላይ ይከብዳል። ልጁ መኪናው ውስጥ አይቀመጥም፤ ከኋላው እየሮጠ ይነዳዋል። ግን ሲጠመዝዝ ይዞራል። ሁልጊዜ ይዞራል። ካልዞረም ምክንያቱን ያውቃል፤ ሽቦው ላልቷል ወይም ቆርኪው ተጣሟል፤ ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ያጠብቀዋል።

ፈረንሳዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ክሎድ ሌቪ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ትንንሽ አምሳያዎች ያነሣው ሐሳብ አለ። ትልቁን ነገር ስናውቅ ከክፍሎቹ ተነሥተን ወደ ሙሉው እንሄዳለን፤ አምሳያው ላይ ግን ሙሉው አስቀድሞ በእጃችን ይገባል፤ ደስታውም ከዚያ ይመጣል ይላል። ስለ ተገዛው የኤሌክትሪክ መኪና ይህ እውነት ነው። ልጁ ሙሉውን መኪና ባንድ ጊዜ አገኘ፤ ኮፈኑ ግን አይከፈትም፣ ቢከፈትም ውስጡ ባዶ ነው። የሽቦ መኪናው ልጅ መንገዱ ሌላ ነው። የጎማውን ዘንግ ሳያበጅ መኪና የለውም። ከክፍሉ ተነሥቶ ወደ ሙሉው ነው የደረሰው፤ ሲሰበርም ከሙሉው ወደ ክፍሉ መመለስ ይችላል። በቆጋ መስኖ ቦዮች ዳር ልጆች ጭቃ ላይ የሚቆፍሯት የእጅ ወርድ ቦይም እንዲሁ ናት። ግድቡ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት የሚያጠጣ ነው፤ የልጆቹ ቦይ አንድ የጎመን ሥር አታርስም። ውኃው ግን ያው ውኃ ነው፤ ቁልቁል የሚሄደው በዚያው ሕግ ነው፤ ቦዩ ከተጣመመ ይፈስሳል እንጂ ማንም በሪሞት አይመልሰውም።

ይህን ስል ድህነትን ማወደስ አልፈልግም። የገጠር ልጅ መኪና ባይነዳም ከብት ይነዳል፤ ስድስትና ሰባት ዓመቱ ላይ። ከብቶቹ የሰው አዝመራ ከገቡ ጣጣው የልጅ ጣጣ አይሆንም፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ያጣላል፣ እሱም ይገረፋል። እሱ ሪሞት የሚይዝለት ሰው አጥቶ ነው ያደገው። ለከተማው ልጅ መልስ የሌለው ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ እረኛው ደግሞ ከዕድሜው በላይ የከበደ መልስ፣ ብዙ ጊዜም በትምህርት ቤቱ ፋንታ። ከሁለቱም ልጅነት የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ አጠገብ ሆኖ፣ እጁ እየታየ የሚያግዝ አዋቂ።

ሌላው ዓለምም የሕፃናት መኪናን ቀድሞ ያውቀዋል። ኢቶሬ ቡጋቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ለትንሹ ልጁ ለሮላንድ የታዋቂውን የእሽቅድምድም መኪናውን ግማሽ የሚያህል፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሄድ መኪና ሠራለት። ያዩት ሀብታሞች እኛም ብለው አዘዙ፤ እስከ 1936 ድረስ 500 ገደማ ተሠራ። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የኦስቲኑ ጄ40 ታሪክ ነው። ይህ የሕፃናት መኪና በፔዳል የሚሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1971 ከ32,000 በላይ የተመረተው በደቡብ ዌልስ ባርጎድ በሚባል ከተማ ነው፤ የሠሩትም በከሰል ማዕድን አቧራ ሳንባቸው ታምሞ ከጉድጓድ የወጡ ሠራተኞች ናቸው። ቆርቆሮው ከትልልቁ መኪና ፋብሪካ የተረፈ ቁርጥራጭ ነበር። የሽቦ መኪና ሠሪው የቡሬ ልጅና የባርጎዱ ማዕድን ቆፋሪ ቢገናኙ በቋንቋ ባይግባቡም ከትርፍራፊ መኪና በማውጣት ይግባባሉ።

በእኛም አገር የኤሌክትሪክ መኪና ከመጫወቻነት እያለፈ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ዛሬ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አድጎ የሚነዳው መኪና እንደ ባዛሩ መኪና በሶኬት የሚሞላ ይሆናል፤ በሶኬቱ የሚመጣውም ጎጃምን ዞሮ የሚሄደው የዓባይ ጉልበት ነው። በዚህ ደስ ይለኛል። ግን አዲስ አበባ ላይ ካየናቸው አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዳንዶቹ የመንገዱን መስመር በካሜራ እያዩ ሾፌሩ ሲያዘነብል መሪውን ራሳቸው የሚመልሱ፣ ከፊት ነገር ሲመጣ ሳይረገጥ ፍሬን የሚይዙ ናቸው። ሕይወት ያድናሉና አልቃወማቸውም። ሆኖም አዋቂውም እንደ ሕፃኑ ሁለት ፈቃድ ባለበት መሪ ፊት ተቀምጧል፤ ሪሞቱ ያለው ፋብሪካው ኪስ ውስጥ ነው። መኪናው መሪውን ሲመልስ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥለታል፣ መብራት ያበራለታል፤ ሠሪዎቹ ቢያንስ ይህን አውቀዋል፤ የታረመ ሰው መታረሙን ማወቅ አለበት። ለአርባ ዓመት ሰው ያሰቡትን ለአራት ዓመት ልጅ መኪና አላሰቡለትም።

መንገድ ራሱ የልጅ የሚሆንባቸው ቀኖች አሉ። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ልጆች በብስክሌትና በስኬቲንግ ሞሏቸው። በጎጃምም አስፋልቱ ባዶ የሚሆንባቸው ቀኖች በዝተዋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። አይሱዙ በማያልፍበት ቀን የሽቦው አይሱዙ መሀል አስፋልት ላይ ይወጣል። ልጁ ነጭ መስመሩን ተከትሎ እየሮጠ፣ ባፉ ማርሽ እየቀየረ፣ ዕቃ ጭኖ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ይህ ልጅ አባቶቹ መሄድ ያልቻሉበትን መንገድ ነው እየነዳ ያለው፤ ስለዚህ ጨዋታውን ከአዋቂዎቹ ጉዳይ ለይቼ ማየት አቅቶኛል። አዋቂዎች ባንድ አገር መሪ ላይ ያሳረፉትን እጅ ልጆቻቸው ፊት ማሳየት ካልቻሉ፣ ልጆቹ ከዚያ ባዛር ልጅ የተለየ ነገር አይማሩም።

ለኪራይ መኪናው ግን አንድ የማልነሣው ምስጋና አለኝ። የሽቦ መኪና የወንድ ልጅ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ እሱ ሽቦ ሲያጣምም እኅቱ ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች። የኤሌክትሪኩ መኪና ማን እንደተቀመጠበት አይጠይቅም። መሪ ጨብጣ አገጯን ወደ ላይ ያነሣች የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ባዛር ላይ ሳይ፣ ያን ባትሪና ያን ፕላስቲክ የሠራውን ሰው እመርቀዋለሁ። ወላጆችንም የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ሪሞቱን ከኪስ አውጡት። ልጁ ከመሳፈሩ በፊት አሳዩት፤ «ይቺን ስጫን ይቆማል፤ አደጋ ካየሁ እጫናለሁ» በሉት። በተጫናችሁ ጊዜም «አሁን እኔ ነኝ» በሉት። ሣር ከሆነ፣ አሸዋ ከሆነ፣ የተደረደረ ጎማ ከሆነ ግን ይግጨው፤ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነው። ገጭቶ ሲቆም ወደ እናንተ ያያል፤ ጥቂት ታገሡት፣ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ማርሽ ራሱ ያገኘዋል።

ብዙ ጊዜ ሪሞቱ የሚሰጠው ለታላቅ እኅት ነው። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ይሆናታል፤ ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ መቼ መያዝ፣ መቼ መልቀቅ እንዳለባት ከአባቷ ይልቅ ታውቃለች። እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የሚችሉት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ነው፤ እሷ ስትደርስ ተራው አልፏታል። ለእሷ የሚሆን መኪና ባየሁት ባዛር ሁሉ አልነበረም። የኩሽኔታ ጋሪ ግን አለ፤ ሣንቃ፣ አራት ያረጀ ኩሽኔታ፣ ከፊት ባንድ ብሎን የሚዞር አግዳሚ፣ ለመሪ የሚሆን ገመድ። አንድ አናጢና አንድ ጋራዥ ያለው ከተማ ሁሉ ሊሠራው ይችላል፤ ባትሪም ሪሞትም አይፈልግም፣ ክብደትም አይመርጥም። በዓል የሚያዘጋጁ ሰዎች ከኪራይ መኪኖቹ ጎን ለስላሳ ቁልቁለት መርጠው፣ መጨረሻው ላይ ጭድ ከምረው ያቁሙት። ገመዱን እሷ ትያዝ፤ ወንድሟ ከኋላዋ ይቀመጥ።